ከአውሮፓ ጋር የምርምር ፕሮጀክት ከመፈረማችሁ በፊት

«ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል መጣልን፤ ፕሮጀክት አብረን እንጻፍ ይላሉ። እሺ እንበል ወይስ ይቅርብን?» ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። አብዛኞቹ ወጣት መምህራን ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት የከፈቱ ልጆች። ለእያንዳንዱ በማኪያቶ ላይ ከማወራ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። መልሴ «እሺ በሉ» ነው። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ያለችውን አጭር ጊዜ በደንብ ተጠቀሙባት። እኛ ካየነው አበሳ አብዛኛው ያኔ ሊዘጋ ይችል የነበረ ነው።

እኔ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ፕሮጀክታችን የተደገፈው ሆራይዘን ዩሮፕ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 በሚዘልቀው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ነው። ሐሳቡ ለመናገር ቀላል ነው። መሃል አዲስ አበባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ጣሪያ ላይ ሶላር ፓነል ይተከላል፤ ባትሪ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ የክትባቱ ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል እንደሆነ ይቆያል። ምርምሩ ደግሞ ሴንሰሮቹ በሚልኩት ዳታ ተነስቶ መብራት መቼ ሊጠፋ እንደሚችል የሚገምት፣ ባትሪውንም በዚያ ልክ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር መሥራት ነበር።

ግብዣው የመጣው ማመልከቻው ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ይህ የተለመደ ነው፤ ምክንያትም አለው። በደንቡ መሠረት አንድ የጋራ ፕሮጀክት ከሦስት የተለያዩ የኅብረቱ አባል ወይም ተባባሪ አገሮች ቢያንስ ሦስት ተቋማት ያስፈልጉታል፤ አንዱ የግድ ከአባል አገር መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ከሁለቱም ወገን አይደለችም። ሆኖም ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሚባሉት አገሮች ተርታ ስላለች ተቋሞቿ ገንዘቡን በቀጥታ ማግኘት ይችላሉ። ስለዚህ አውሮፓውያኑ መጀመሪያ እርስ በርስ ይገናኛሉ። አፍሪካዊው አጋር የሚፈለገው መጨረሻ ላይ ነው።

ይህ እንደ ንቀት አይታያችሁ። ይልቅ አቅማችሁን እወቁበት። ገምጋሚዎች ነጥብ የሚሰጡት በሦስት መስፈርት ነው፦ በሳይንሱ ጥራት፣ በሚያመጣው ለውጥና በአፈጻጸሙ። እያንዳንዱ ከ5 ይታረማል። በእያንዳንዱ ቢያንስ 3፣ በድምሩ ቢያንስ 10 ማምጣት ግዴታ ነው። ፉክክሩ ስለሚበረታ ግን 10 ማለፊያ ሆና ገንዘብ ታስገኛለች ብላችሁ አትጠብቁ፤ ግማሽ ነጥብም ብዙ ነው። ስለ አፍሪካ ኃይል የሚያወራ ማመልከቻ ውስጥ የአፍሪካው አጋር ለስም ብቻ ከተቀመጠ ገምጋሚው ያየዋል። ማመልከቻውን የሚመራው አስተባባሪ ይህን ያውቃል።

የተላከልን ረቂቅ ላይ የሥራ ክፍፍል ሠንጠረዥ ነበር። በእኛ ረድፍ የተጻፈው «ዳታ መሰብሰብና ከማኅበረሰቡ ጋር መገናኘት» ነው። የሰው-ወራችን ከሁሉም ያነሰ። የሰው-ወር ማለት አንድ ሰው ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራው አንድ ወር ነው፤ የደመወዝ በጀት የሚመነጨው ከእሱ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ። እኛ ዘንድ የሴንሰር ሶፍትዌር ከባዶ የሚጽፉ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛው ረቂቁን አንብቦ «ታዲያ እኛ ቆጣሪ አንባቢ ነን ማለት ነው?» አለ። ቢሮው ሳቀ። ነገሩ ግን ገብቶናል።

ለአስተባባሪው ጻፍንለት። የዳታ ሥርዓቱን የሚነድፈውንና የሚገነባውን የሥራ ክፍል እኛ እንምራው አልን። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ደስ እንደሚለው ገልጾ ሁለት ገጽ ጻፉልኝ አለ። እምቢ ይለናል ብለን ፈርተን ነበር። ለካ ሰውዬው ፍላጎቱ ይኖራቸዋል ብሎ አላሰበም፤ ማንም አልነገረውማ! ሁለቱን ገጽ ሌሊቱን ጽፈን ላክን። የሰው-ወራችን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ቢሆን ይህ አይታሰብም ነበር። የጸደቀው ማመልከቻ ገንዘቡን ከሚሰጠው ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር የሚፈረመው ስምምነት አባሪ 1 ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሥራ ክፍል ማዛወር የስምምነት ማሻሻያና የአጋሮቹን ሁሉ ይሁንታ ይጠይቃል።

ማመልከቻው ከተዘጋ እስከ ፊርማ ድረስ ኮሚሽኑ ለራሱ የሰጠው ጊዜ 8 ወር ነው፤ 5 ወር ለግምገማና ለውጤት፣ 3 ወር ለስምምነት ዝግጅት። «ካለፈ እናስብበታለን» ብላችሁ እንዳትቀመጡ። የተቋማችሁን ባለ 9 አሃዝ መለያ ቁጥር፣ ፒክ የሚሉትን፣ ፈልጉ። ከዚህ በፊት ሌላ ክፍል አውጥቶት ሊሆን ስለሚችል አዲስ ከማስመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ተቋሙን ወክሎ በኅብረቱ ድረ ገጽ የሚመዘገበው ሰውም በኃላፊው ፊርማና ማኅተም ይሾማል። የሚሾመው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለዶክትሬት የሚሄድ እንዳይሆን። የእኛ ሄዶ፣ የይለፍ ቃሉን በቴሌግራም ስንለምነው ከረምን።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያንገበገበን እሱ ነው።

የፋይናንስ ኃላፊያችን ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ስምምነቱ ሊፈረም ሲል ወረቀቱን ገልጠው ገልጠው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዩሮ በስንት ነው የሚመታው? ብሩ ቢወርድስ ጣጣው የማን ነው?» አሉኝ። ለአስተባባሪው ጽፌ ጠየቅሁ። «በደንቡ መሠረት ይታሰባል» የሚል መልስ መጣ። እውነቱን ነው። ደንቡ ምን እንደሚል ግን ማንኛችንም ቁጭ ብለን አላሰላንም።

ደንቡ የሚለው ይህን ነው። ሂሳቡን በብር የሚይዝ ተቋም ወጪውን ወደ ዩሮ የሚመልሰው ባወጣበት ቀን ተመን አይደለም። በአንድ የሪፖርት ዘመን ውስጥ ባለው አማካይ ተመን ነው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ለብር የዕለት ተመን ስለማያወጣ የኮሚሽኑ ወርኃዊ የሂሳብ ተመን አማካይ ይወሰዳል። የሪፖርት ዘመኑ ብዙ ጊዜ 18 ወር ያህል ነው። ብር ቀስ እያለ ሲወርድ ልዩነቱ አይታወቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅቀው ግን የሪፖርት ዘመናችን መሃል ላይ ነበርን። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

በምሳሌ ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በፊት 1 ሚሊዮን ብር ብታወጡ፣ ዩሮ 62 ብር ገደማ ስለነበር፣ ከእጃችሁ የወጣው ወደ 16 ሺህ ዩሮ ነው። የዘመኑ አማካይ 95 ብር ቢሆን ሪፖርት ላይ የሚያዝላችሁ 10 ሺህ 500 ዩሮ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪውን በልታችሁታል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላጠፋም። ብሩ በእውነት ወጥቷል፣ ደረሰኙም አለ። እትዬ ስሌቱን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ጠይቄ ነበር እኮ» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው መጣ። ደመወዛችን በብር እዚያው ነው፤ በዩሮ ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የሚከፈለው የወጣው ወጪ ብቻ ስለሆነ በጀታችን ላይ ዩሮ ተረፈ። ያልተጠቀማችሁበት ደግሞ ይመለሳል። እዚህ ላይ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። አባሪ 1 ላይ የተጻፈው ሥራ እስካልተለወጠ ድረስ ገንዘብን ከአንድ የበጀት መስመር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አጋርም ወደ ሌላው ማዛወር የስምምነት ማሻሻያ አይጠይቅም። ያልታቀደ ንዑስ ውል፣ ማለትም ሥራውን ለሌላ ድርጅት በውል መስጠት፣ ነው ሌላ ጣጣ ያለው። እኛ በተረፈው አዲስ ተመራቂ መሐንዲሶች ቀጠርን፤ የሶፍትዌሩ ሙከራ የተፋጠነው በእነሱ ነው።

ስለዚህ ጥሪውን ስታነቡ መጀመሪያ «ክፍያው በወጪ ነው ወይስ በድምር?» ብላችሁ ጠይቁ። አሁን አሁን ላምፕ ሰም የሚባለው አከፋፈል እየበዛ ነው። በእሱ የሥራ ክፍሉ ሲጠናቀቅ የተወሰነው ዩሮ ይከፈላል፤ የወጪ ሪፖርት የለም፣ የምንዛሪ አማካይም የለም። የራሱ አደጋ አለው፦ ያልተጠናቀቀ የሥራ ክፍል ክፍያው ይቀራል። የሥራ ክፍሎቹን አጠር አጠር አድርጋችሁ ቆራርጡ። ዕቃንም ጠይቁ። ጥሪው በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ለባትሪና ለመሳሪያ የሚያዝላችሁ ሙሉ ዋጋው ሳይሆን በፕሮጀክቱ ዘመን ያለው የእርጅና ተቀናሽ ብቻ ነው። 10 ዓመት ያገለግላል የተባለ ዕቃ በ3 ዓመት ፕሮጀክት ስንት እንደሚያዝለት አስሉት።

አበልም ይነሳ፤ ማንም በግልጽ የማያወራው ነገር ነው። ሰው «የውጭ ፕሮጀክት» ሲባል ተጨማሪ ክፍያ ይጠብቃል፤ ኑሮውን እያየን አንፈርድበትም። ነገር ግን በተቋሙ የጽሑፍ ደንብ ያልተደገፈ ተጨማሪ ክፍያ ለኦዲተር አይቀርብም። ደንብ ከሌላችሁ ከፕሮጀክቱ በፊት አጸድቁ። መሃል ላይ የሚጸድቅ ደንብ ለፕሮጀክቱ ብቻ የተሠፋ ልብስ ነው የሚመስለው።

ገንዘቡን እዚህ ላይ ልተወው። አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ የዳታው ጉዳይ ነው፤ ያኔ ግን አላሳቀንም።

ፀሐይ አዲስ አበባ አናት ላይ የምትሆነው፣ እንደ ወቅቱ ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢልም፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 (በፈረንጅ 12፡25) ገደማ ነው። ሰዓታችን የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ልክ ሲሆን ከተማዋ ያለችው 38.7 ላይ ስለሆነ ነው የምትዘገየው። የሶላር ዳታ ሰዓቱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፤ ጥርት ባለ ቀን ግራፉ ላይ ጉብታው የት እንደወጣ ማየት። ጣሪያ ላይ ያለው መሳሪያ በዩቲሲ፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው የዓለም የጋራ ሰዓት፣ ስለሚመዘግብ ጉብታው 9፡25 ላይ ይወጣል። አውሮፓ ያለው ሰርቨር ደግሞ በአገሩ ሰዓት ይገለብጠዋል፤ በክረምታቸው 10፡25፣ በበጋቸው 11፡25። የጤና ጣቢያው ዘበኛ በደብተሩ የሚጽፈው 6፡25 ነው። አንዲት ፀሐይ፣ አራት ሰዓት።

ደብተሩ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚጻፍበት የተለመደው ሩል ደብተር ነው። በማስመሪያ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል፤ «የጠፋበት» እና «የመጣበት» ይላል። አንዱ ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሌሊት 8፡10 ጠፋ፣ 11፡00 መጣ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ከሌሊቱ 2፡10 በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው። ገጾቹ ስካን ተደርገው ሲላኩ ግን እዚያ ያለው ተማሪ ቁጥሩን እንዳለ አስገባው። ሌሊቱ ጠዋት ሆነ። የሚከፋው ደግሞ ውጤቱ የሚያምር መሆኑ ነው። ሶፍትዌሩ «መብራት ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ሲጀመር ይጠፋል» አለ። ጠዋት ጭነት ስለሚጨምር ሁሉም «ልክ ነው፣ ይመስላል» ብሎ ተቀበለው። የጳጉሜ ገጾች ደግሞ ጭራሽ አልገቡም፤ 13ኛ ወር ሲመጣ ሲስተሙ ተፋው።

ያወቀው ያ «ቆጣሪ አንባቢ ነን ወይ» ያለው ልጅ ነው። የሶላሩንና የባትሪውን ኃይል ዕቃዎች ወደሚጠቀሙበት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር የመስመር ቮልቴጅ የጠፋበትን ሰዓት ራሱ እንደሚመዘግብ ያውቃል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ሲያያቸው በስድስት ሰዓት ተዛነፉ። የሥራ ክፍሉን የምንመራው እኛ ባንሆን ኖሮ ዳታውን ልከን እጃችንን አጣጥፈን ነበር፤ እሱም የኢንቨርተሩን ፋይል የሚከፍትበት ምክንያት አልነበረውም። ይህን በብዙ ስብሰባ ላይ ተናግሬዋለሁ።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ሁሉም ማሽን በዩቲሲ ይመዝግብ፤ ወደ አገር ሰዓት የሚቀየረው ስክሪን ላይ ሲታይ ብቻ ይሁን። ዘበኛው ግን በለመደው ይጻፍ። መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲጽፉ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። ዘበኛው ጋሼ ሰዓታቸውን አሳዩኝና «ልጄ፣ እኔ እጄ ላይ ያለውን ነው የምጽፍልሽ። እናንተ የተማራችሁት ገልብጡት» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ የጨመርነው ቀን ወይም ሌሊት የሚለውን የሚያከቡበት ሁለት ቃል ብቻ ነው። አንድ ነገር አትርሱ፦ እንዲህ ያለ ደብተር ላይ የሰው ስምና ፊርማ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ፣ የአውሮፓም ሕግ ስላለ፣ ገጹን ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት ስሙን ሸፍኑ።

ስለ መሳሪያው በአጭሩ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ ዳታ የሚመዘግበው መሳሪያ፣ ሎገሩ፣ ዳታውን በራሱ መያዝ አለበት፤ ሲመለስ ይልካል። ተራ ኤስዲ ካርድ ድንገተኛ የኃይል መቆራረጥ አይወድም። ለሎገሩም ትንሽ ባትሪ ስጡት።

ባትሪ ካልኩ አይቀር የጉምሩኩን ልናገር። ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሲጫን አደገኛ ዕቃ ተብሎ ነው። ለብቻው ከተላከ ከ30 በመቶ በላይ ተሞልቶ እንዳይሆን ሕጉ ያስገድዳል፤ በመንገደኛ አውሮፕላንም አይጫንም። ይህን አቅራቢው ያውቃል። አቅራቢው የማያውቀው የእኛን ነገር ነው። ኤርዌይ ቢሉ፣ ማለትም የአውሮፕላን ጭነት ሰነዱ፣ ላይ የተቋሙን ስም በመጻፍ ፈንታ ዕቃውን ያዘዘውን ተመራማሪ ስም ጻፉበት። የቀረጥ ነፃ ደብዳቤው በተቋሙ ስም ነው፤ ዕቃው በግለሰብ ስም ነው። ትራንዚተራችን ስልክ ደውሎ «እህቴ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ሰው ማነው?» ሲለኝ ያኔውኑ ገባኝ። ስሙ እስኪስተካከል የመጋዘን ኪራይ ቆጠረ። አሁን ማንኛውም ዕቃ ከመጫኑ በፊት የኤርዌይ ቢሉን ረቂቅ በኢሜይል አስልኬ፣ ስሙን ከንግድ ፈቃዱና ከደብዳቤው ጋር ፊደል በፊደል አስተያያለሁ። እዚሁ የሚገኝ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ እዚሁ ግዙት፤ ሲበላሽ የሚጠግነውም እዚሁ አለ።

ደረሰኞች። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ይደበዝዛል። የመጀመሪያው ዓመት ደረሰኞቻችን በሁለተኛው ዓመት ነጭ ወረቀት ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በተቀበላችሁበት ቀን ስካን አድርጉ፣ ኮፒም አንሱ፣ የፈረንጁን ቀንና አጭር ትርጉም ጎኑ ላይ በእርሳስ ጻፉበት። ከመጨረሻው ክፍያ በኋላም ሰነዱን ለ5 ዓመት ማቆየት ግዴታ ነው። የእኛ ቢሮ ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ተቻኩለን ወደ ሜክሲኮ ተዛወርን። ወንበርና ጠረጴዛ በአይሱዙ ሄደ። እትዬ የደረሰኝ ካርቶኖቹን ለማንም አልሰጡም፤ ራሳቸው በታክሲ ይዘዋቸው መጡ።

የአጋሮች ስምምነት የሚባለውን ሰነድም ሳታነቡ አትፈርሙ። ብዙ ጊዜ ዴስካ ከሚባለው ሞዴል ነው የሚቀዳው። ውስጡ አንድ አባሪ አለ፤ እያንዳንዱ አጋር ወደ ፕሮጀክቱ ይዞት የሚገባውን የቀድሞ ሥራ የሚዘረዝርበት። ብዙ የእኛ ሰዎች ባዶውን ይተዉታል። ከዚህ በፊት የጻፋችሁት ኮድ ካለ፣ የሰበሰባችሁት ዳታ ካለ፣ ስሙን እዚያ ላይ አስፍሩት። ካላሰፈራችሁት ኋላ «ይህ የእኔ ነው» ለማለት ማስረጃ ፍለጋ ትገባላችሁ። ለጽሑፍ ኅትመት ደግሞ ገንዘብ የሚሸፈነው ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆነ መጽሔት ላይ ሲወጣ ነው፤ ግማሹ በክፍያ፣ ግማሹ በነፃ የሚነበብ መጽሔት ከሆነ ክፍያው ከኪሳችሁ ነው።

የመጨረሻው የሲም ካርዱ ነገር ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ ሰርቨሩን የሚከፍል የለም፤ የሎገሩን የኢንተርኔት ጥቅልም የሚሞላ የለም። ፓነሉ ጣሪያ ላይ ይሠራል፣ ማንም ግን አያየውም። እኛ በመጨረሻው ዓመት ሶፍትዌሩን ቀንሰን ጤና ጣቢያው ውስጥ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ፍሪጁ ሲሞቅ ትጮኻለች። የይለፍ ቃሉ ያለው የጤና ጣቢያው ኤሌክትሪሺያን ጋ ነው። ሲሙንም ገና ሲገዛ በጤና ጣቢያው ስም አውጡት። በተመራማሪ ስም የወጣ ሲም ተመራማሪው ለትምህርት ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።